ባርተር ያለበትን፣ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ቤት ውስጥ እንዴት እንከባከበው?

ይሄን የምጽፈው አንድ ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ ነው። የምሠራው ጅማ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ባርተር ሲንድረም የሚባለው የኩላሊት ችግር ያለበትን ሕፃን ይዘው ቤት የገቡ ወላጆች፣ ከኮቺም ይደውሉ ከአጋሮ፣ የሚሉኝ ይህንኑ ነው፦ «ዳይፐሩ እኮ ርጥብ ነው! ታዲያ ፈሳሽ አንሶት ይሆናል የምትሉን ለምንድን ነው?»

የዚህ ሕፃን ዳይፐር ሁልጊዜም ርጥብ ነው። ሰውነቱ ደርቆም ይሸናል። ለሌላ ሕፃን «ሽንቱን ከሸና ደህና ነው» ማለት ይቻላል፣ ለዚህኛው ግን አይቻልም። ስለዚህ ዳይፐሩን ትታችሁ ሚዛኑን እመኑ።

ምክንያቱን ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ቀላል ይሆንላችኋል። ጤናማ ኩላሊት ያጣራውን ጨው አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም ያስገባል። ባርተር ካለ ጨው ከሚመልሱት የኩላሊት ክፍሎች አንዱ አይሠራም። ጨው ሲወጣ ውሃና ፖታሲየም ተከትለውት ይወጣሉ። የተበሳ ጀሪካን በሉት፤ ውስጡ ያለው ቢያንስም ማፍሰሱን አያቆምም። ነገሩ የሚጀምረው ማሕፀን ውስጥ ነው። ፅንሱ ብዙ ስለሚሸና የእንሽርት ውሃው ይበዛል፣ የበዛው ውሃ ምጡን ያስቸኩለዋል፣ ሕፃኑም ቀኑ ሳይደርስ ይወለዳል።

ችግሩ የኩላሊት ከሆነ አንጎልና ነርቭስ እንዴት ገቡበት? ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ደም ውስጥ በጣም ሲያንስም ሲበዛም አንጎል ስለሚጎዳ ሕፃኑ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻው ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ሆዱ ይነፋል። በአንደኛው የባርተር ዓይነት ሕፃኑ ከመወለዱ ጀምሮ መስማት ይሳነዋል። በዚህ ላይ ሳይደርሱ የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንጎላቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ኩላሊቱን ስትከታተሉ አንጎሉንም እየጠበቃችሁ ነው።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ በሐኪም ለተመረመረና መድኃኒት ታዞለት ለወጣ ሕፃን ነው። ልኩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ባርተር ብዙ ዓይነት አለው። አንዱ ብዙ ጨው ይፈልጋል። ሌላው ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ጭራሽ ስለማይችል ጨው ሲጨመርለት ሶዲየሙ አደገኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። በተወለደ ሰሞን ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ቆይቶ በኋላ የሚወርድም አለ። የሌላ ልጅ ማዘዣ ስሙ አንድ ቢሆንም ለእናንተ ልጅ መርዝ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዲጂታል ሚዛን። የሕፃን ሚዛን ካላገኛችሁ እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን የኩሽና ዲጂታል ሚዛንና ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል። የሱቅ ተንጠልጣይ ሚዛን ግን አይሆንም፤ እኛ የምንፈልጋትን ትንሽ ለውጥ አያሳይም።
- መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች፣ ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 5 ሚሊ ሊትር
- ቴርሞሜትር
- ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሜትር፣ የጭንቅላቱን ዙሪያ ለመለካት
- አንድ ደብተር። ብጥስጣሽ ወረቀት ይጠፋል።
- ኦአርኤስ (ለምለም)፣ ሐኪሙ መቼና ምን ያህል እንደምትሰጡ ከጻፈላችሁ በኋላ
- የታዘዙት የጨውና የፖታሲየም ፈሳሾች፣ ከማለቃቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ የተገዙ
- ሌሊትም ስልክ የሚያነሳ የባጃጅ ወይም የመኪና ሹፌር ቁጥር

1. ከሆስፒታል ሳትወጡ አራት ነገር አስጽፉ

አንደኛ፣ የጨውና የፖታሲየም ፈሳሾቹ ልክ በሚሊ ሊትር ብቻ ሳይሆን በሚሊሞልም (ፈሳሹ ውስጥ ያለው ጨው በሚለካበት መለኪያ) ይጻፍ። ፈሳሹን የሚያዘጋጀው መድኃኒት ቤት ሲቀየር ጥንካሬውም ሊቀየር ይችላል። ያኔ 2 ሚሊ ሊትር ድሮ የነበረው 2 ሚሊ ሊትር አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ቤት ያሳስታል። ካርዱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይሰጠዋል። በየ6 ሰዓቱ ከተባላችሁ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ብላችሁ በራሳችሁ እጅ ጻፉት።

ሦስተኛ፣ የወጣበት ክብደት። አራተኛ፣ ችግር ሲመጣ የምትደውሉበት ቁጥር። የካርድ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

2. በየቀኑ መዝኑት

ይሄ የመመሪያው ልብ ነው። ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ ጠዋት መጀመሪያ ከማጥባታችሁ በፊት ይሻላል። ሚዛኑም አንድ ይሁን፤ ዛሬ በቤት፣ ነገ በጤና ጣቢያ ብትመዝኑ የሚዛኖቹ ልዩነት የልጁ ለውጥ ይመስላችኋል። ሳፋው ውስጥ ስስ ጨርቅ አንጥፉ፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት፣ ሕፃኑን ያለ ልብስና ያለ ዳይፐር አስተኙት። ሁለቴ መዝኑ። ከዚያ ቶሎ አልብሳችሁ ደረታችሁ ላይ መልሱት፤ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ብርድ አይችልም።

በአንድ ሌሊት ጠፍቶ ያደረ ክብደት ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። 100 ግራም ከቀነሰ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ወጥቷል ማለት ነው። ደህና የሆነ ሕፃን በዚህ ዕድሜው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልጨመረ ደውሉ። ከክብደቱ 5 በመቶ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ 2,400 ግራም የነበረው 120 ግራም ካጣ፣ መደወሉንም ተዉት፤ ይዛችሁት ኑ።

ሚዛን መግዛት አቅም የሚጠይቅ እንደሆነ አውቃለሁ። የግድ ካልተቻለ ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ በየቀኑ እንዲመዝንላችሁ ተነጋገሩ። ያለ ሚዛን ግን ይህን ሕፃን መጠበቅ በጣም ከባድ ነው፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ቀድሞ የሚገዛ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

3. ጡት፣ ሌሊትም ጭምር

በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ ይጥባ። ተኝቷል ብላችሁ አታሳልፉት፤ ኩላሊቱ ሌሊትም አያርፍም። ሳይደርሱ ለተወለዱ ሕፃናት በተለምዶ የሚታሰበው በቀን በኪሎ ከ150 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ነው። ባርተር ላለበት ከዚህም በላይ ሊታዘዝ ይችላል። ጎትቶ መጥባት ከደከመው ወተቱን አልባችሁ በኩባያ ወይም በታዘዘለት ቱቦ ስጡት።

እናቶች «እኔ ጨው አብዝቼ ብበላ ለእሱ አይደርስም ወይ?» ይሉኛል። አይደርስም። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ጨው በምግብ እምብዛም አይለወጥም፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ጨው ለብቻው የሚታዘዘው። ወተታችሁ ጎድሎ አይደለም፤ ልጁን ከኢንፌክሽን የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ማጥባቱን አታቁሙ።

ሐኪሙ ካላዘዘ ባዶ ውሃ አትስጡት። ጨው እየወጣበት ባዶ ውሃ ከገባለት የቀረው ሶዲየም ይቀጥናል፣ መንቀጥቀጥም ያመጣል።

4. ጨውና ፖታሲየም

ሁለቱንም የቀኑን ድርሻ ከፋፍላችሁ፣ ከታለበ ወተት ጋር ቀላቅላችሁ ስጡ። አንዴ ብዙ ከገባ ሆዱ ይቆጣል፣ ያስመልሰዋል ወይም ያስቀምጠዋል፤ የተረፈውም ወዲያው በሽንት ይወጣል። በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ደሙ ውስጥ ይቆያል። ከሰጣችሁት በኋላ ካስመለሰው በራሳችሁ አትድገሙት። ስንቱ እንደገባ አይታወቅም፣ ትርፍ ፖታሲየም ደግሞ ልብ ያቆማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የገበታ ጨው በማንኪያ እየለካችሁ አትስጡ! ሒሳቡን ልንገራችሁ። ጨው ለሚያስፈልገው ሕፃን በተለምዶ በቀን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞል ይታዘዛል። ለ2 ኪሎ ልጅ ይሄ ከ0.6 እስከ 1.2 ግራም ያህል ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ገደማ ይመዝናል። የ5 ቀን፣ ምናልባትም የ10 ቀን ድርሻውን በአንድ ጉርሻ ሰጣችሁት ማለት ነው። መድኃኒት ቤት ያዘጋጀው ፈሳሽ ካለቀ ደውሉ እንጂ ኩሽና አትግቡ።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው መድኃኒት ቤት ላይ ነው። የታዘዘው ፖታሲየም ክሎራይድ ሲጠፋ ፖታሲየም ሲትሬት «ያው ነው» ተብሎ ይሰጣል። ያው አይደለም። ልጁ ክሎራይድም (ሌላውን የጨው ክፍል) እያጣ ነው፣ ሲትሬት ደግሞ ያለበትን የደም አልካላይነት (የአሲድ ማነስ) ያባብሰዋል። እንዲሁም ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራውን የፖታሲየም ኪኒን ፈጭታችሁ አትስጡ፤ ሲፈጭ አንዴ ይለቀቃል። የመርፌውን ብልቃጥ በአፍ ስጡ የሚል ምክር ከሰማችሁም ያዘዘውን ሐኪም ሳታናግሩ እንዳትነኩት።

የላብራቶሪ ወረቀቱን ስታዩ ፖታሲየሙ ከመደበኛው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ። ለብዙዎቹ የሚፈለገው 3 አካባቢ እንዲቆይ ነው፤ ፍጹም መደበኛ ለማድረግ ልኩን መጨመር ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። በድንገት በጣም ከፍ ብሎ ከመጣም ደሙ ተረከዝ ተጨምቆ ተወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። ሲጨመቅ የደም ሴሎች ፈንድተው ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጉታል።

5. ኢንዶሜታሲን ወይም አይቡፕሮፌን ታዞ ከሆነ

በዚህ በሽታ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ከልክ በላይ ያመርታል፤ እሱም የሽንቱን ብዛት ያባብሳል። መድኃኒቱ እሱን ይቀንሳል። ግን ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ስስ ነው፣ ሊቆስልም ሊበሳም ይችላል። ሁልጊዜ ከጠባ በኋላ ስጡ። ሰገራው ከጠቆረ ወይም ደም ካለበት፣ ሆዱ ከተነፋና ሲነካ ካለቀሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ ቀጣዩን አትስጡ፤ ወዲያው ኑ። ትውከት ወይም ተቅማጥ በጀመረበት ቀንም ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉ። ፈሳሽ ባነሰበት ሰውነት ይህ መድኃኒት ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

6. አንጎሉን በየቀኑ እዩት

ጠዋት ስትመዝኑት አብራችሁ ይህንን ተመልከቱ፦ ይነቃል ወይ? አጠባቡ ትናንት እንደነበረው ነው? እጁን ስታነሱት ዝልፍልፍ ይላል? እርግብግቢቱ ጎድጉዷል ወይስ ተወጥሯል? ከጎደጎደ ፈሳሽ አንሶታል። ሳያለቅስ ከተወጠረ አንጎሉ ውስጥ ግፊት አለ።

በሳምንት አንድ ቀን የጭንቅላቱን ዙሪያ ከቅንድቡ በላይና ከጭንቅላቱ ኋላ ጎልቶ በሚወጣው ጫፍ ላይ አዙራችሁ ለኩ። በሳምንት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ እየጨመረ ከሄደ አንጎሉ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል አሳዩት።

መንቀጥቀጥ በእነዚህ ሕፃናት ላይ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ከንፈሩን ያለ ወተት መምጠጥ፣ ዓይኑን ወደ አንድ ወገን ማፍጠጥ፣ እግሩን ሳይክል እንደሚነዳ ማንቀሳቀስ፣ ትንፋሹን ለአፍታ ማቆም ሊሆን ይችላል። ተራ ብርክ ከሆነ እጁን ያዝ ስታደርጉት ይቆማል። መንቀጥቀጥ ከሆነ ይዛችሁትም ከእጃችሁ ሥር ይቀጥላል።

ያኔ በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ያዙ። ሌላ ሰው ካለ በስልኩ ይቅረጽ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ጣትም ቢሆን። ክብሪት አታሽትቱት፤ ጭሱ ትንፋሹን ከማፈን በቀር የሚያደርገው የለም። ቢቆምም ይዛችሁት ኑ፤ ሶዲየሙ ወይም ካልሲየሙ ተዛብቶ ከሆነ እሱ ሳይስተካከል ይመለሳል።

7. ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲመጣ

ለሌላ ልጅ ቤት ውስጥ አንድ ቀን መጠበቅ ይቻል ይሆናል። ለዚህ አይቻልም። በላይም በታችም እየወጣበት ኩላሊቱም ማፍሰሱን ስለማያቆም በሰዓታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ዳይፐሩ ግን አሁንም ርጥብ ነው! ትልቁ ወጥመድ እዚህ ጋ ነው።

ማጥባታችሁን ቀጥሉ። መዝኑት። ደውሉ። ኦአርኤስ እንድትሰጡ ቀድሞ ተጽፎላችሁ ከሆነ ሙሉውን የ1 ሊትር ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት፣ በትንሽ በትንሹ ስጡት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። «በትንሽ ውሃ ቢሆን ይጠነክርለታል» አትበሉ፤ የጠነከረ ኦአርኤስ ሶዲየሙን ያዘልለዋል። ኦአርኤስ መንገድ ላይ ማቆያ ነው እንጂ ከሆስፒታል አያስቀርም።

ከደዶ፣ ከሰቃ ወይም ከሊሙ የምትመጡ ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ወስኑ። ማታ መኪና ይጠፋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። በ11 ሰዓት ላይ የተጠራጠራችሁትን ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ተሸክማችሁ መውጣት አይገባም። በመንገድም ደረታችሁ ላይ በቆዳ ለቆዳ ይዛችሁት ተጓዙ።

8. ለድንገተኛ ክፍል የሚታይ ወረቀት

ተረኛው ሐኪም ልጃችሁን አያውቀውም፣ ባርተርንም አይቶ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉና በላስቲክ ሸፍኑት፣ ከሐኪማችሁም ጋር አንዴ አንብቡት፦

«ይህ ሕፃን ባርተር ሲንድረም አለበት። ቢሸናም ፈሳሽ አንሶት ሊሆን ይችላል። ትናንት የነበረው ክብደት ይህ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድና ክሪያቲኒን በአስቸኳይ ይታዩ። ፉሮሴማይድ (ላሲክስ) አይሰጥ። ጀንታማይሲን ከመታዘዙ በፊት የኩላሊቱና የጆሮው ነገር ይታሰብ።»

ላሲክስ የሚሠራው ጨውን እዚያው የኩላሊት ክፍል ላይ በማስወጣት ስለሆነ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። ጀንታማይሲን ለጨቅላ ሕፃናት ኢንፌክሽን በብዛት የሚሰጥ ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ግን ኩላሊትንም መስማትንም ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ አውቆ መወሰን አለበት።

9. ቀጠሮዎች

የደም ምርመራውን ልጁ ደህና በመሰለበት ቀንም አትዝለሉ፤ ፖታሲየም ሲወርድ መጀመሪያ ላይ ምልክት የለውም። የኩላሊት አልትራሳውንድም አለ፤ ካልሲየም በሽንት ስለሚወጣ ኩላሊቱ ውስጥ ይጠራቀማል። በዚሁ ምክንያት ካልሲየምም ቫይታሚን ዲም በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጨምሩ።

መስማቱን በማጨብጨብ አትፈትኑ። ሕፃኑ የእጃችሁን ነፋስ ተሰምቶት ሊዞር ይችላል። በመሣሪያ ይመርመር፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ቢሆን ይመረጣል። ችግሩ ቶሎ ሲታወቅ ቋንቋ የሚያዝበት ጊዜ አያመልጥም።

ክትባቱን በተወለደበት ቀን ቁጠሩ፤ ሳይደርስ ተወልዷል ተብሎ አይዘገይም። ዕድገቱን ግን ሊወለድ ይገባው ከነበረው ቀን ቁጠሩ። በ30 ሳምንት የተወለደ ልጅ 10 ሳምንት ይቀነስለታል። «የእኩዮቹ ልጆች አንገታቸውን ያዙ» እያላችሁ ከመጨነቅ ያድናችኋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ፣ ወይም የወተት ጥርስ ማስነቀል። ትውከቱ ከእንጥሉም ከጥርሱም አይደለም፤ ቁስሉ ደግሞ መጥባት ይከለክለዋል፣ ደምና ኢንፌክሽን ይጨምርበታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ውሃ፣ አብሽ፣ ቅቤ ማቅመስ። የተቸገረ ኩላሊት ላይ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ነገር ነው፣ ለወተት የሚሆነውንም ቦታ ይይዛል።

ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ ማቆየትና ከልክ በላይ መጠቅለል። ላብም ፈሳሽ ነው። ትኩሳት የመሰላችሁም መጠቅለሉ ሊሆን ስለሚችል ልብሱን አቅልላችሁ ደግማችሁ ለኩት።

አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ እንዲያቅፈው መፍቀድ። አንድ ጉንፋን፣ አንድ ተቅማጥ ለዚህ ልጅ ሆስፒታል ነው። እጅ ያልታጠበ አያቅፈው፣ ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስ ደግሞ ሌላ ክፍል ይሁን። አክስትም ብትቀየም ሕፃኑ ሲያድግ ትታረቃላችሁ።

10. ሌላ ልጅ ስታስቡ

አብዛኛው ባርተር ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ነው። ራሳችሁ ሳትታመሙ ትሸከሙታላችሁ፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለው። የማንም ጥፋት አይደለም፣ እናት በእርግዝናዋ የበላችው ወይም የሠራችው ሥራ አላመጣውም። በሚቀጥለው እርግዝና የመጀመሪያው ክትትል ላይ ይህን ልጅ ጠቅሳችሁ ተናገሩ፣ ወረቀቱንም ያዙ። የእንሽርት ውሃው ብዙ ጊዜ መብዛት የሚጀምረው ከ24 እስከ 30 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በዚያ ወቅት አልትራሳውንድ እንዲደገም ጠይቁ፣ መውለጃውም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሁን።